ወንድማችን ሰይፉ የፎቃችን ናጺግ በመሆኑ የተሰማን ጥልቅ ሀዘን

ለማዖኖቱ ተማሪዎች፣ ለጥበቃ ክፍሉ፣ ድስት ተሸክመው ከአይን ሀትኽሌት ሰፈር ድረስ ለመጡ እናቶቻችን፣ እንዲሁም ነገሩ ለገባውም ላልገባውም ሁሉ፤

በኔታኒያ ከተማ በኮሌጃችን የተማሪዎች መኖሪያ፣ ማዖኖት በምንለው ሕንፃ፣ በሦስተኛው ፎቅ የምንኖር ተማሪዎች፣ ሁለት ዓመት አብሮን የበላ፣ አብሮን የጠጣ፣ ሳያስፈቅድ በሻምፑአችን የታጠበ ውድ ወንድማችን ሰይፉ፣ ባልታሰበ ሁኔታ የፎቁ ናጺግ፣ ማለትም የተማሪዎች ተወካይና ኃላፊ ሆኖ መመረጡን የምንገልጸው ልባችን በከባድ ሀዘን ተሰብሮ ነው።

ወንድማችን በአካል ደህና ነው። ምግብም ይበላል፤ እንዲያውም ብሶበታል። ነገር ግን ከእሑድ ኖቬምበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ እኛ የምናውቀው ሰይፉ በመካከላችን የለም። በእሱ ምትክ የኮሌጁ አርማ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ መዓት ያንጠለጠለ፣ በረንዳ ባለው ክፍል ለብቻው የሚያድር አንድ ሰው ይታያል። ፊቱ የሰይፉ ነው። ቀሪውን እያጣራን ነው።

ሰይፉ በሕይወት፣ ይቅርታ፣ በተራ ተማሪነት ዘመኑ ለፎቃችን ያበረከተውን በአጭሩ እንዘረዝራለን።

ኦክቶበር 2013። ከሐዴራ መጥቶ ማዖኖት ገባ። በገባ በሳምንቱ ሩዝ ማብሰያና ማሞቂያ በአንድ ሶኬት ሰክቶ የሕንፃውን መብራት አጠፋ። ከሚስራድ፣ ከማዖኖቱ ቢሮ ማለት ነው፣ ተልከው የመጡት ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቁት ወደ ላይ እያሳየ «ከሰማይ ነው» ብሎ መለሰ። እኛም መሰከርንለት።

ጃንዋሪ 2014። ማሞቂያዎቹ በሙሉ በተበላሹ ጊዜ ውኃ እያፈላ፣ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላ፣ ለእያንዳንዳችን አልጋ አደለ። የፎቃችን ልጅ የኖይ ጠርሙስ አፈሰሰ። አሁንም አልረሳችውም።

ኖቬምበር 2014። ለሲግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ አውቶቡስ አስተባበረ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ሄደ። አስተባባሪው ተኝቶ ቀረ። ይህ ለአመራር እንደሚያበቃው ያን ጊዜ አልጠረጠርንም።

ኦክቶበር 2015። የክፍል ጓደኛችን የመንግስቴ ታናሽ ወንድም ብሩ ከሠራዊት ተሰናብቶ ኢር ያሚም ሰፈር በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ የቀን ሥራ ያዘ። የሚከራይ ቤት እስኪያገኝ ወንድሙ ክፍል መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። በማዖኖቱ ደንብ ይህ ክልክል ነው፤ ሰው ደብቆ ሲያሳድር የተገኘ ተማሪ በዚያው ዕለት ክፍሉን ይለቃል። የመንግስቴ ቤተሰብ የሚኖረው ሩቅ፣ ኪርያት ማላኺ ነው፤ ክፍሉን ካጣ ዓመቱ ተበላሸ ማለት ነው። ታዲያ ለብሩ ፍራሹን በጀርባው ተሸክሞ፣ በኋላ በር አስገብቶ ያመጣው ማን ነው? ሰይፉ። ይህን አንባቢ በደንብ ይያዝልን።

ኖቬምበር 2015። የናጺግ ምርጫ ተደረገ። ተወዳዳሪው ሰይፉ ብቻ ነበር። ተሸናፊዎቹ እኛ ነን።

እንግዲህ ጥርጣሬያችን ከምን እንደመነጨ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ በተመረጠ ማግስት በራችንን አንኳኳ። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሩን አስቀድሞ ሲገባ የኖረ ሰው፣ አንኳኳ! የሚያንኳኳ ሰው አንድ ነገር ይዟል። ሁለተኛ፣ «ፍተሻ መጣ፣ ደብቁ!» እየተባባልን ስንኖርበት በነበረው የዋትሳፕ ግሩፕ የሚስራዱን ኃላፊ ሃጋርን አስገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ በግሩፑ የሚጻፈው «ሻባት ሻሎም» የሚል የሰንበት ሰላምታ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ቀን መንግስቴን መተላለፊያው ላይ አስቆመው።

«ክፍላችሁ አሁን ስንት ሰው ነው?»

«ምን ለማለት ነው? ፍራሹን ያመጣህ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ዝም ብዬ ነው። ለሳሙና።»

«ሳሙና ማደል ጀመራችሁ?»

«ገና ነው።»

ከዚያ በኋላ ብሩ ጠዋት ጠዋት ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ መውጣት ጀመረ። መንግስቴ ደግሞ ከሰውነት ተራ ወጣ። የቁልፍ ድምፅ በሰማ ቁጥር ፍራሹን በእግሩ ወደ አልጋ ሥር ይገፋል። ኖይ ይህን ስላወቀች የራሷን ቁልፍ እያንቀጫቀጨች በበሩ ታልፍ ነበር። ይህን መግለጫ ያወጣው የሀዘን ኮሚቴያችን ድርጊቱን ያወግዛል፤ ሁለት ጊዜ ግን ስቋል።

በኖቬምበር 18፣ ረቡዕ ማለዳ የሆነው እንደሚከተለው ነው።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው እንደቆመም አይነገርም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ቁጭ ይባላል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ በማለዳ በርህን ከፍተህ ሽማግሌ ካየህ ሌላ ማስረጃ አያሻም፤ መርዶ ነው። እዚሁ የተወለዱት እነ ኖይ እንኳ ይህን ያውቃሉ።

ያን ዕለት መንግስቴ በሩን ሲከፍት ሰይፉ ቆሟል። ከጎኑ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር የመጡት፣ የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ ዘመዱ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሁለቱ ገብተው ተቀመጡ። ሰይፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መንግስቴ፣ እንግዲህ… ሰው ነንና… ሁሉም ነገር ከእግዚአብሔር ነው…»

ጋሼ ዘመዱ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። መንግስቴ «እናቴን!» ብሎ መሬት ወደቀ። ብሩ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ግማሽ ራቁቱን ተነሥቶ ደረቱን መድቃት ጀመረ። ፎቁ በሙሉ፣ የሁለተኛው ፎቅም ጭምር ነቅቶ መጣ፤ የመጣውም ሁሉ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ አለቀሰ። ሰይፉ መሐል ቆሞ «ቆዩ! ቆዩ እንጂ!» ይላል። የሚሰማው የለም። በለቅሶ መሐል «ቆዩ» የሚል ሁሌም አለ።

በመጨረሻ ብሩን በትከሻው ይዞ ጆሮው ላይ ጮኸ፤ «ማንም አልሞተም! ፍተሻ ነው! ዛሬ ሃጋር ልትፈትሽ ነው!»

ጋሼ ዘመዱ ዕንባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ።

«ማን ነው የሞተ ታዲያ?»

«ማንም፣ ጋሼ።»

«ክፉ ወሬ አለ፣ ሽማግሌ ያሻል ብለህ አይደለም የጠራኸኝ?»

«ክፉ ወሬ እኮ ነው!»

«እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ መጠየቅ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ልጄ፣ ሰው የሚያለቅሰው በከንቱ መስሎሃል?»

ሰይፉ በኋላ ለኮሚቴያችን በሰጠው ቃል እንዲህ አለ። ግሩፑ ላይ እንዳይጽፍ ሃጋር እዚያው ገብታለች፤ ያስገባትም ለናጺግ ግዴታ ስለሆነ ነው። ለናጺጎች በተሰጠው ሥልጠና ደግሞ «ከባድ መልእክት በአካል፣ ተቀምጣችሁ፣ በዝግታ አድርሱ» ተብሏል። እሱ የሚያውቀው በአካል፣ ተቀምጦ፣ በዝግታ የሚነገር ነገር አንድ ብቻ ነው። እንደዚያው አደረገ።

ያን ማለዳ ገና ዕንባችን ሳይደርቅ ሃጋር ራሷ በሩ ላይ ቆመች። ለፍተሻው ማልዳ ስትገባ ጩኸቱን ከምድር ቤት ሰምታ ነበር። ያበጠ ዓይን፣ የተበታተነ አልጋ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ሸሚዝ የሌለው የማታውቀው ጎረምሳ አየች። ጣቷን ወደ ብሩ ዘረጋች።

«ይሄ ማነው?»

ሁላችንም ወደ ሰይፉ ዞርን። እውነቱን እንናገር፤ በዚያች ቅጽበት ያለቀልን መስሎን ነበር። ሸሚዙም ቁልፉም በረንዳውም ከእሷ ወገን ናቸው። መንግስቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«የመንግስቴ ወንድም ነው» አለ ሰይፉ። «ሀዘን ስለሆነ።»

ሃጋር እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሺቫውን እዚህ ነው የሚቀመጡት?»

ሰይፉ መሬት መሬቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ሀዘን የተቀመጡበት ፎቅ እንደማይፈተሽ፣ ወንድሙም የሺቫው ሰባት የሀዘን ቀን እስኪያልቅ እንዲያድር፣ ትራስ ካነሰም እንድትጠየቅ ተናግራ በእግር ጣቶቿ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ከሊፍቱ አጠገብ ጥቁር ፍሬም ያለው የሀዘን ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን።

መንግስቴ ግን ልቡ አላረፈም። ሃጋር እንደወጣች ኪርያት ማላኺ ደውሎ ነበር። እናቱ አነሡ።

«ምነው በጠዋት? ማን ሞተ?»

«ማንም፤ ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ነው።»

«እረግ! ወንድምህ ነው! ከሕንፃ ላይ ወደቀ!»

«ኧረ እዚሁ አጠገቤ ነው!»

«ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?»

እሳቸውን ለማረጋጋት የፈጀው ጊዜ መርዶው ከፈጀው ይበልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እናቶቻችንን ይመለከታል፤ ይህን መግለጫ እንድናወጣ ያስገደደንም እሱ ነው። ወሬው አይን ሀትኽሌት ደርሶ በማግሥቱ እናቶች ንፍሮና ምስር ይዘው መጡ። እማማ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡና «ማን ነው የሞተ?» አሉ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ አየ። ኖይ ቶሎ ብላ «አንድ ልጅ ነበር፤ ሰይፉ የሚባል» አለች። እማማ ፈንታነሽ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። በጣም ጥሩ አለቀሱ። ያን ጊዜ ሰይፉ ሻይ በትሪ ይዞ ፊታቸው ቆሟል።

«ተባረክ ልጄ። ያንተስ ስም ማነው?»

«ሊያም» አለ ሰይፉ።

እማማ ፈንታነሽ፣ ይህን የሚያነብልዎን ሰው ያዳምጡ፤ ያለቀሱለት ልጅ ሻይ የሰጠዎት ልጅ ነው። በሕይወት አለ። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በተለይ የኖይ። ለድስትዎ ማመስገን ብቻ ሳይሆን አጥበን እንመልሳለን።

በሰባቱ ቀን ውስጥ ሰይፉ ከዚያ ሻይ በቀር ክፍል ውስጥ አልታየም። የት ይሄዳል ብለን ተጠራጠርን። ተከታተልነው ማለት ይቻላል። ለካ ለብሩ ቤት እያሠሠ ኖሯል፤ ቃዲማ ዞራን በምትባል ከተማ ከአክስቱ ጎረቤት አንድ ክፍል አገኘለት። ፍራሹን ያወጣውም ራሱ ነው፤ በዚህ ጊዜ በዋናው በር። መንግስቴ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱንም ቀጥሏል። ቁልፍ ሲሰማ አሁንም ይደነግጣል፤ እየተሻለው ነው።

ኮሚቴያችን ግን በዚህ አልተኛም። ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው የታቀደ ነው ወይስ ሰይፉ ዝም ብሎ ሞኝ ነው? የፎቁ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ፊት ለፊት ጠየቅነው።

«አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?»

«ካልሲያችሁን ከመተላለፊያው አንሡ» አለን።

ይህ መልስ ነው ወይ? አይደለም። ስለዚህ በሰይፉ ላይ ያለን ጥርጣሬ የጸና መሆኑን እየገለጽን፣ በዚህ ሀዘን ለደከሙት ለጋሼ ዘመዱ፣ ለኪርያት ማላኺዋ እናት፣ በከንቱ ዕንባቸውን ላፈሰሱ የሁለተኛው ፎቅ ተማሪዎችም ብርታቱን እንመኛለን። አማርኛ ለማታነበው ለሃጋር ይህን መግለጫ የሚተረጉም ሰው ከተገኘ፣ ለእሱ የሚሆን ሌላ መግለጫ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ነገሩን ካነሣነው አይቀር እንመን፤ ያን ያህል ነገር አልነበረም። የሞተ የለም፣ የተባረረ የለም፣ ፍተሻውም ከሀዘኑ በኋላ ሲመጣ የተገኘው የኖይ ድመት ብቻ ነው። አንድ ጓደኛችን ትንሽ ሥራ ያዘ፤ እኛ ደግሞ ሌላ ሰው የሆነ መሰለን። ይኸው ነው።

የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪዎች የሀዘን ኮሚቴ
ኔታኒያ፣ ዲሴምበር 2015