የሞጣው ልጅ እየጠበቀ ነው

ጥር 24

ፊዚክስ ፈተና ነበር። ከሃያ አሥራ አንድ። ስመለስ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ ሰው ተሰብስቧል... የክለባችን ማስታወቂያ ነው። "ንጋት ብቸና የእግር ኳስ ክለብ የስፖርት ዳይሬክተር አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል።" የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አምስት ዓመት ልምድ። የምልመላ ስትራቴጂ ማዘጋጀት የሚችል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ሥራ ወንድሜ ስጦታው ሦስት ዓመት በነጻ ሠርቶታል። ሳምንቱን ሞባይል ይጠግናል፣ እሑድ ደብረ ወርቅ፣ ግንደወይን፣ ሞጣ እየሄደ ልጆች ሲጫወቱ ያያል። ዲግሪ አልነበረውም። በሕይወት ቢኖር ለገዛ ሥራው መወዳደር አይችልም ነበር። ይስቅ ነበር መሰለኝ...

ዛሬ ከሞተ ሁለት ወሩ። ቤት ውስጥ ማንም አላነሳውም። እራት በልተን ተነሣን።

ጥር 26

የስጦታው ስልክ ጮኸ። እማዬ በየቀኑ ቻርጅ ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ከአርባው በኋላ የሚደውል ጠፍቶ ነበር። "የኔሰው ሞጣ" ይላል።

"ጋሼ ስጦታው፣ እንደምን ከረምክ? ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ብለህ ዝም አልክ እኮ።"

"ወንድሙ ነኝ።"

"አካሉ ነህ? ስላንተ አውርቶኛል። ፊዚክስ አይወድም ብሎ። እሱስ?"

ምን ልበል? እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ታየኛለች።

"መንገድ ወጥቷል።"

"በል ሲመለስ፣ የኔሰው መለያውን አጥቦ አጣጥፎ ተቀምጧል በለው።" ሳቀ።

ዘጋሁት። እማዬ "አበጀህ" አለችኝ። "መርዶ በስልክ አይወረወርም። ልጁ ብቻውን ቆሞ እንዴት ይስማው? ሰው ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ቤተሰቡ ባለበት ነው የሚነገረው።"

ማን ይሄዳል ታዲያ?

ጥር 27

የስጦታውን ደብተር አወጣሁት። ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ። ሃያ ሦስት ልጆች። ግርጌው ላይ "ይቆይ"፣ "ይቆይ"፣ "አይሆንም"... የመጨረሻው ገጽ የኔሰው ነው።

"የኔሰው፣ ሞጣ። 17 ዓመት። ግራ እግር። አጭር ነው። ኳስ ሲነጠቅ እጁን አያወራጭም፣ ተመልሶ ይሮጣል። ሦስት ለባዶ ተሸንፈው ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ጎል የነበሩትን ድንጋዮች ለቅሞ ከመንገድ ያወጣ እሱ ብቻ ነው። ይምጣ።"

"ይምጣ" የተባለ ሌላ የለም። ኅዳር 20 የተጻፈ፣ ከሞጣ የተመለሰ ዕለት። በማግሥቱ ሆዱን ያዘው። ትርፍ አንጀት ነው፣ ቶሎ ደብረ ማርቆስ አድርሱት አሉን። መንገድ ዝግ ነበር። ሁለት ቀን...

አልጽፈውም።

የካቲት 2

ጋሽ አስናቀው ሱቅ ሄድኩ። የክለቡ ሊቀመንበር ናቸው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ።

"ስጦታው ያየው የሞጣ ልጅ አለ። ቢጠራ ብዬ ነው።"

"ማን ይጥራው?"

"ክለቡ።"

"ክለቡ ማነው? እኔ የማውቀው ሚስማር ነው።" ሳቁ፤ ከዚያ ለሐዘኑ ተላጭቼ ገና በቅጡ ያልበቀለ ጠጉሬን አዩና ተዉት። "እረኛ ሳይቀጠር በግ አይገዛም፣ ልጄ። መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ይገኝ። ስትራቴጂ ያውጣ። ከዚያ ነው ምልመላ።"

"ስጦታው እያለ ስትራቴጂ ነበር እንዴ?"

"ስጦታውማ 'ልጅ አምጥቻለሁ፣ ማደሪያ ፈልጉለት' ነው የሚለን። ያ ነበር ስትራቴጂው።" ፊታቸውን አዙረው ሚስማር መመዘን ጀመሩ። ሚዛኑ ላይ ብዙ ቆዩ።

የካቲት 9

ደወለ። አልተመለሰም አልኩት።

የካቲት 14

ለዳይሬክተርነት ሁለት ሰው አመልክቶ ነበር። አንደኛው መንገድ ተዘግቶበት ለቃለ መጠይቅ አልደረሰም። ሁለተኛው የጋሽ አስናቀው የእህት ልጅ ሆኖ ተገኘና ኮሚቴው ተጣላ። ማስታወቂያው እንደገና ወጣ። ያው ወረቀት ነው። ቀኑ ብቻ በስክሪፕቶ ተሰርዟል።

የካቲት 17

የኔሰው ነው። ዛሬ አልሳቀም።

"አካሉ፣ አንድ የደብረ ወርቅ ቡድን ፈርም ብሎኛል። ማደሪያም ምግብም አለ። የስም ዝርዝሩ የካቲት 25 ይዘጋል። ግን ለጋሼ ቃል ሰጥቻለሁ። እናቴ ፊት ነው እጄን የያዘው። ምን ይለኛል?"

ሂድ ፈርም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት።

"ጠብቅ" አልኩት።

"እሱ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አለቀ። እሱ ካለ ይመጣል።"

ለምን አልኩ? ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሜዳው ዳር ተቀምጬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ የስጦታውን ስም "ነፍሱን ይማር" ብሎ ነው የሚያነሳው። እማዬም፣ እኔም። "ይመጣል" የሚል አንድ ሰው ሞጣ ላይ ቀርቷል... እሱ እንዳይጠፋብኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

የካቲት 23

ፈርም ልለው ወስኛለሁ። ስጦታው ነው ፈርም ያለህ እለዋለሁ። ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

የካቲት 24

የለም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ።

የካቲት 25

የለም።

መጋቢት 3

ዳይሬክተር ተገኘ። አቶ ከፋለ ይባላሉ፣ ከባሕር ዳር። ደብተሩን ይዘህ ና ተባልኩ። ልጠላቸው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ሃያ ሦስቱንም ገጽ አነበቡ። ቀስ ብለው። የመጨረሻው ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

"ወንድምህ ዓይን ነበረው። ይህችን የድንጋዩን ነገር እኔ ብሆን አላያትም።"

"ይጠራ ታዲያ?"

ደብተሩን ዘጉት። "ዘንድሮ ምልመላችን ከብቸና ከተማ አይወጣም። ለኮሚቴው ያቀረብኩት ይህንኑ ነው። ከሞጣ የሰው ልጅ አምጥቼ ቢታመምብኝ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ እናቱን ምን እላታለሁ? የወንድምህን ነገር ነግረውኛል።"

 ስጦታው የሞተበት መንገድ ነው ልጁን የዘጋበት። ልክ ናቸው። ልክ የሆነን ሰው ምን ይሉታል?

"ለከርሞ" አሉና ገጾቹን በስልካቸው ፎቶ አንሥተው ደብተሩን መለሱልኝ። በሁለት እጃቸው ነው የሰጡኝ።

መጋቢት 7

መንገዱ ተከፈተ አሉ። ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ "ጠብቅ" ያልኩትንም። አልተቆጣችም። ነጠላዋን አነሣች።

"እኔም እሄዳለሁ።"

ከኅዳር ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ወጥታ አታውቅም።

መጋቢት 9

ሞጣ ዘመድ ቤት አድረን በማለዳ ሄድን። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት፣ እትዬ ካሰች። እማዬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መልበሷን አየች። ከዚያ እኔን። ስጦታውን ትመስላለህ ይሉኛል... እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ያ ልጅ?"

"አዎ፣ እህቴ" አለች እማዬ።

ተቃቀፉ። ተያይተው አያውቁም።

የኔሰው ከጓዳ ወጣ። ከኔ ያጥራል። ግድግዳው ላይ መለያው በፌስታል ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ጥቁር ልብሳችንን አየ።

"መቼ?"

"ኅዳር 24።"

ሲቆጥር አየሁት።

"ታዲያ ጠብቅ ያለኝ ማን ነው?"

"እኔ።"

ይመታኛል ብዬ ቆምኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ደብረ ወርቅም አመለጠህ፣ ንጋትም ዘንድሮ ከሞጣ አይወስድም። ለመንኩ። አልሆነልኝም።"

"ኳሱን ተወው" አለኝ። "ያን ጊዜ ብትነግረኝ ለቅሶ እደርስ ነበር። እጄን ይዞ ቃል የገባልኝ ሰው ሲቀበር እኔ እዚህ መለያ አጥባለሁ።"

ይህን አላሰብኩትም። ይህን ያህል ጊዜ ስለ ፊርማ ስጨነቅ... አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩትም።

በሚኒባስ ተመለስን። ግንደወይን ስንደርስ እማዬ "ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አለች። "ሰው ሄዶ ነው የሚነገረው አልኩህ። እኔ ራሴ ግን ከቤት አልተነሣሁም።"

 

መጋቢት 21

የኔሰውና እትዬ ካሰች ለቅሶ ደረሱ። ገና ከአጥሩ ውጪ "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ነው የገባ። ጎረቤቱ ማን ሞተ ብሎ ወጣ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ሲያውቅም አልተመለሰም፣ ገብቶ ተቀመጠ። ጋሽ አስናቀው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ልጁ ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። መሬት መሬቱን አዩ።

መቃብሩን አሳየሁት። ከጎኑ ያለውን ድንጋይ አቃንቶ አስተካከለው። ስንመለስ በሜዳው በኩል አለፍን፤ የአቶ ከፋለ ልጆች እየተለማመዱ ነበር። ቀና ብሎ አላየም። እኔም ተመልከት አላልኩትም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ስገባ የስጦታው ስልክ መስኮቱ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል። እማዬ አልሰካችውም። እኔም አልሰካሁትም።

ደብተሩን አወጣሁ። የመጨረሻው ገጽ። ስጦታው "ይምጣ" ካለው ሥር ጻፍኩ፦

መጣ። መጋቢት 21።