ከአዲስ አበባ ለመጡ ዓሦች ስለተደረገው የክብር አቀባበል

ለክቡር ባላምባራስ አካለ ወልድ፣
የአደባባዩ ፏፏቴ አስመራቂ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከሐዘኑ በቀር ደኅና ነኝ። ኮሚቴው ልኮኝ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ውሃና አየር በተሞላ ላስቲክ ጭኔ ላይ ታቅፌ ያመጣኋቸው፣ የዓባይ በረሃ እንኳ ያልገደላቸው ወርቃማ ዓሦች፣ አራት ብቻ ሲቀሩ፣ እርስዎ ባደረጉላቸው መስተንግዶ ማለፋቸውን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

አንደኛ፦ ላስቲኩ ሳይፈታ የፏፏቴው ገንዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ይንሳፈፍ፣ የጮቄን ብርድ ቀስ ብለው ይልመዱት ብዬ ለምኜ ነበር። ክቡርነትዎ «እኛ ጋ እንግዳ በር ላይ አይገተርም» ብለው ባንድ ጊዜ ስላስገለበጡልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ከመንገድ የመጣ ዓሣ የመጀመሪያውን ቀን ሳይበላ ይዋል ብዬ ባስረዳ፣ «ሰው ምን ይለናል? ራታቸውን ሳይበሉ ሊያድሩ?» ብለው የመጀመሪያውን ጉርሻ ራስዎ ወረወሩ። ከዚያ ኮሚቴው በየማዕረጉ ተሰልፎ ድፎ ዳቦውን እየቆረሰ ሲጥል፣ ከኮሚቴው ወይዘሮ የብርጓልም ዳቦ ብቻውን ያንቃቸዋል ብለው ጠላ ጠብ ሲያደርጉላቸው፣ በሞቴ ያላለ ሰው አልነበረም። ዓሦቹም ጨዋ ናቸውና እምቢ አላሉም። ሲነጋ ውሃው ጉሽ መስሎ፣ እነሱ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ።

ሦስተኛ፦ ኮሚቴው አጣርቶ «የገደላቸው የሰው ዓይን ነው» ብሎ ወስኗል። መንገዱን ሙሉ ሳያቸው የመጣሁት እኔ ነኝና፣ የዓይኑን ባለቤት በስም ስላልጠሩ ውለታዎን አልረሳም።

አራቱ የተረፉት በሌላ ትንሽ ላስቲክ ከወንበሬ ሥር ተረስተው ስለነበር፣ ማለትም ማንም በክብር ስላልተቀበላቸው ነው። አሁን ቤቴ ሳፋ ውስጥ ናቸው፤ አንዷ ገና በጎኗ እየዋኘች ነው። እሑድ ዳግም ምረቃ ስላለ አምጣ ተብያለሁ። ክቡር ሆይ፣ ገንዳው ታጥቦ፣ አዲሱ ውሃ አድሮ፣ እነሱም እስኪያገግሙ ይተዉልኝ። የግድ ከሆነም ንግግር ብቻ ያድርጉላቸው፤ ጆሯቸው እንደኛ ስላልሆነ ይችሉታል።

መስተንግዶዎ ከደጄ እንዲርቅ ጠዋት ማታ የምጸልይ፣
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊው ቢያዝን ደርቤ
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

እርማት፦ ይህ ደብዳቤ ሳይላክ አንድ ቀን በመዘግየቱ፣ በመካከሉ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ፈንታ እኔ በሌለሁበት የተረፉትን ሊጠይቁ ቤቴ መጥተው ነበር። ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ስለዚህ ከላይ «አራት» የተባለው «ሁለት» ተብሎ ይነበብ። አቶ ፈንታ ነገም እመለሳለሁ ብለዋል።