ለማንጠግቦሽ የጻፍኋቸው አሥራ አራት ወረቀቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን። ጠዋት 1 ሰዓት።

ወረቀት ቁ. 4 አለቀ። ርእሱ፦ የጠዋት ልብስ። የልጆች ልብስ ማታውኑ አግዳሚው ላይ ይደርደር፤ መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ፣ መጨረሻ የሚለበሰው ከታች። ጠዋት ፍለጋ የለም፣ ጩኸት የለም። ትናንት አሠርቻቸው በሰዓቴ ያዝሁ። ዘጠኝ ደቂቃ። በፊት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

ለማን እንደምጽፍ ገና አልነገርሁህም፣ ደብተሬ። ወ/ሮ ማንጠግቦሽ፣ ከአጥሬ ወዲያ ያለችው። ፋብሪካ ትሠራለች፤ ፈረቃዋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፦ ጠዋት፣ ማታ፣ ሌሊት። ባሏ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት። ልጆች ሦስት፦ የሺ 10፣ ምንይችል 6፣ ትርንጎ 3። ሌላ ሰው የላትም።

እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጊዜ እንጂ ሌላ ነገር የለኝም። ስለዚህ ጊዜ ለሌላት እናት አቋራጭ መንገድ እጽፋለሁ። 31 ዓመት ስድሳ ልጅ በአንድ ክፍል አስተምሬአለሁ። ሦስት አይከብድም።

ቁ. 4ን በአጥሩ በኩል ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለች። እግዜር ይስጥልኝ አለች፤ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር አለች። ከገባች በኋላም አጥሩ ዘንድ ቆየሁ። ምክንያት አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8። ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት።

የጫማ ነገር ተፈታ። ምንይችል የግራውን በቀኝ ያደርጋል፤ በየቀኑ። ቀለም ቢቀቡት ይለቃል። ምስማር አግዬ በኮንጎ ጫማው ውስጥ አሣ ሣልሁ፤ ራሱ በቀኙ፣ ጭራው በግራው። ጫማዎቹ በትክክል ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሣው ሙሉ ይሆናል።

ምንይችል ትክ ብሎ አየና፦ የኔታ፣ ሲርበው ምን ይበላል? አለኝ።

እግርህን፣ አልሁት።

በሳቅ ወደቀ። ደግሞ አደረገ፤ ደግሞ ልክ ሆነ።

ትርንጎም አሣ ፈለገች። እሷ ጫማ የላትም። እጇ ላይ በእስክሪፕቶ ሣልሁላት። ከዚያ መጥታ እግሬ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዬ ላይ፣ ልክ እንደ ዱካ፣ እንደ በርጩማ። ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም።  እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምሁ።

ሄዱ። የተጠረገውን ክፍል ደግሜ ጠረግሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10።

ቁ. 7፦ ድርቆሽ። ማንጠግቦሽ በዚህ ሳምንት የማታ ፈረቃ ናት፤ ልጆቹ ራታቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። የተረፈ እንጀራ እሑድ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ በጣሳ ይቀመጥ። የሺ በበርበሬና በዘይት ታርሰዋለች። እሳት አያስፈልግም። እሳት ከሌለ ቃጠሎ የለም።

ወረቀትና እስክሪፕቶ የምገዛው ከወ/ሮ ዘይነባ ነው፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ሱቃቸው ከእኛ ማዕዘን ላይ። ቁ. 7ን ባንኮኒው ላይ አንብበው ሳቁ። ድርቆሽ ለጎጃም ሴት ሊያስተምሩ ነው? ነገ ደግሞ ውኃ መቅዳት ይጽፉላታል፣ አሉኝ።

ቀጠሉ፦ ለመሆኑ ጋሼ፣ ልጅ አሳድገው ያውቃሉ?

አላውቅም አልሁ።

እንግዲያ ይጻፉ፣ ይጻፉ። ያሳደገ ሰውማ መጻፊያ ጊዜ ከየት ያገኛል!

እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ሄደ። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖርን፤ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እሷም ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ይኸው ጻፍሁት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሑድ፣ ጥቅምት 12።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማንጠግቦሽ ይግቡ በሏቸው ብላ ልጆቹን ላከችብኝ። ክፍሏ አንድ ናት፤ ንጹሕ። ወረቀቶቼ በሊጥ ተለጥፈው ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል፤ አንዱም አልተጣመመም። ከጎናቸው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷ፣ በመስተዋት። ደስ አለኝ፤ አልደብቅህም።

ከባሏ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ራሷ አልከፈተችውም፤ ለየሺ ሰጠቻት። የሺ ጮክ ብላ አነበበች። ደህና ነኝ ይላል፤ ትርንጎ መናገር ጀመረች ወይ ይላል። እናትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። አንድ ቦታ ላይ ድገሚው አለቻት።

ብልህ እናት ናት። ልጅን ማንበብ ለማለማመድ ከአባት ደብዳቤ የተሻለ መጽሐፍ የት አለ? ይህን ቁ. 9 አደርገዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16። ምሽት 12 ሰዓት።

ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ውኃው ከክረምቱ ሞልቶ ደንገሉ እስከ ግማሹ ሰጥሟል። አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ በኩል ይመጣል። የሚያናግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ አንድ የድሮ ተማሪዬ በብስክሌት አለፈ፤ አላየኝም ወይም አላወቀኝም። ተመለስሁ።

ቁ. 11 ዛሬ ተሰጠ። የተቅማጥ ወረቀት፤ ከሁሉም የከበደው። ከጤና ጣቢያው ባለሙያ ጠይቄ በጥንቃቄ ገለበጥሁ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አንድ ሊትር። ስኳር በትንሹ ማንኪያ ስድስት። ጨው ግማሽ። ማንኪያው ለጥ ያለ፤ የተቆለለ አይሁን። ጨዉ ከእንባ እንዳይበልጥ ተቀምሶ ይሰጥ። ስድስቱንና ግማሹን ሁለት ሁለት ጊዜ አሰመርሁባቸው። ራሴም በጥብጬ ቀመስሁት።

የሺ ለእናቷ አነበበችላት። አንድ ጊዜ ብቻ። ማንጠግቦሽ ራሷን ነቀነቀች። ይበቃል አልሁ፤ ተጽፏልና።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21።

አሁን ማታ ነው፤ ከጠዋቱ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወ/ሮ ዘይነባ ከአጥሩ ወዲያ ስሜን ጠሩ። በባዶ እግሬ ሮጥሁ። ትርንጎ እናቷ ጭን ላይ ተዘርግታለች። ዓይኗ ሰርጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ከሌሊት ጀምሮ ተቅማጥ። ማንጠግቦሽ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ አግኝታት፣ የሺንና ምንይችልን ት/ቤት ሰድዳ፣ ውኃውን በጥብጣ ስታጠጣት ልጅቱ ትተፋዋለች። ታጠጣታለች፣ ትተፋዋለች።

ወ/ሮ ዘይነባ ከጣሳው ቀመሱና እንትፍ አሉ። ይህ አሞሌ ነው እንጂ ውኃ ነው? ብለው ደጅ ደፉት። ስድስት ማንኪያ ጨው። ግማሽ ማንኪያ ስኳር።

እኔ ምን አደረግሁ? እውነቱን እጽፋለሁ። ጮኽሁባት። ተጽፎ የለም ወይ! ከፊትሽ ተለጥፎ የለም ወይ! በክፍል ድምፄ፣ ለሰነፍ ተማሪ በማወጣው ድምፅ።

ማንጠግቦሽ ግድግዳውን አየች። እኔን አየች። አንገቷን ደፋች። 

ወ/ሮ ዘይነባ ልጅቱን በነጠላ ጠቅልለው ጋሪ አስቆሙ። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰካላት። ማታ 11 ሰዓት ላይ ዓይኗን ገልጣ ውኃ አለች። ነርሷ እንዳለችው የሚበዛውን መትፋቷ አዳናት።

ወረቀቱ አይደለም ያዳናት። መትፋቷ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22።

ወ/ሮ ዘይነባ ሱቅ ሄድሁ። ልገዛ አልነበረም። ወንበር ሰጡኝ፤ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቁ።

ጋሼ፣ ማንጠግቦሽ ፊደል አትለይም፣ አሉኝ።

ምስክር ወረቀት አላት አልሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በመስተዋት።

መጽሐፉን በቃሏ ይዛው ነዋ! ከዳር እስከ ዳር። ፈታኙ ገጹን ሲገልጥላት ሥዕሉን ታያለች፣ ታወርደዋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ ቃል አልሳተችም።

ይህን አውቀዋለሁ፣ ደብተሬ። ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም። በቃሉ የሚያወርድ ልጅ በየዓመቱ ይመጣል። መለያ ብልሃቱ አንድ ጣት ነው፦ ከመስመሩ መካከል አንዷን ፊደል ነጥሎ ይህች ማን ናት ማለት። 31 ዓመት በዚህች ጣት ስንቱን ለየሁ። የባሏን ደብዳቤ ለልጇ የምትሰጥን ሴት ግን ተቀምጬ እያየሁ አልለየሁም። እንዲያውም ብልሃት ነው ብዬ ቁ. 9 አድርጌ ጻፍሁላት፤ መልሼ ሰጠኋት።

ለምን አልነገረችኝም አልሁ።

ወ/ሮ ዘይነባ መለሱልኝ። ምን ብላ? እርስዎ ሲመጡ ቡና ቢሉዎት አይጠጡ፣ ቁጭ ቢሉዎት አይቀመጡ። ያለ ወረቀት አይመጡ። ብቻቸውን ሆኑ፣ ሰው ፈልገው ነው፤ ወረቀቱን አልቀበልም ብላቸው መምጣታቸውን ይተዋሉ አለች። አሳዘኗት፣ ጋሼ።

ወንበሩን ወደ ቦታው መለስሁ። መውጣቴን እንጂ ሌላውን አላስታውስም።

አሥራ አራት ወረቀት። እኔ የረዳኋት መስሎኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24። ከሰዓት።

ማንጠግቦሽ ራሷ አጥሩ ዘንድ መጣች። ትርንጎ ነገ ዱርቤቴ ትሄዳለች፤ ወንድሜ መጥቶ ይወስዳታል፤ እናቴ ዘንድ ትሁን አለች። ትልልቆቹ ት/ቤት ይውላሉ። ትንሿን ግን ጠዋት ስገባ የማስቀምጥበት የለኝም፤ ከሌሊት ስወጣ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል። አባቷ እስኪመጣ።

አባቷ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ጥሩ ነው አልሁ። ከሁሉ ቃል ይህን መረጥሁ።

አይቀየሙኝ ጋሼ አለች። እሷ! እኔን! ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ፤ አፌ ውስጥ ስደረድረው ገባች።

ከዚያ ተቀመጥሁና የምላትን ጻፍሁ። ሰረዝሁ። ጻፍሁ። አምስተኛው ላይ እንዲህ ሆነ፦ ቀን ቀን እኔ ዘንድ ትዋል። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። አውቶቡሱ 2 ሰዓት ላይ ይነሳል። ነገ እዚያ ሄጄ እላታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25።

1 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስሁ። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ፣ እንደ ልማዴ።

አውቶቡሱ ሄዷል። ቅዳሜ ሲሞላ ነው የሚነሳው አለኝ ትኬት ቆራጩ፤ ሰዓት ማን ያያል አለኝ። ዕድሜዬን በደወል ስገባ በደወል ስወጣ፣ ያለ ደወል የሚሄድ ነገር እንዳለ ረሳሁ።

ማንጠግቦሽ ቆማ አቧራውን ታያለች። አብረን ተመለስን። አንዲት ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ ሳትወቅሰኝ፣ እንዲሁ እንደ ወሬ። ትርንጎ መስኮቱ ላይ ሆና የኔታስ? ስትል ነበር።

ይችን ቃል ስትል ሰምቻት አላውቅም። አባቷ መናገር ጀመረች ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 26።

ምንም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28። ቀትር 6 ሰዓት ተኩል።

ትናንት ሄድሁ። በሯን አንኳኳሁ፤ በአጥሩ ሳይሆን በበሩ። አምስተኛውን ቃል እንኳ በደንብ አላልሁትም፤ ተንተባተብሁ። ትርንጎን መልሻት፣ ቀን እኔ አለሁ፣ ቤቴ ባዶ ነው አልሁ። ስለ ጩኸቴ ይቅር በይኝ አልሁ። ስለ ፊደል አላነሣሁም። ከፈለገች እሷ ታነሣዋለች።

ተቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥሁ።

ከዚያ ፈታኝ ሆነች። ምን ያበሏታል? አላውቅም። በምን ያስተኟታል? አላውቅም። ቀትር ላይ እናቴን ብላ ብትነሳብዎስ? አላውቅም አልሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ሦስቱንም ወደቁ፣ ጋሼ፣ አለች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ቀረ። እናቴ በእኔ ቃል አትመልሳትም አለች፤ አንዴ ልትገድያት ነበር፣ ሁለተኛ አልሰጥሽም ብላ ልካብኛለች። ሽማግሌ መጥቶ ካልጠየቀኝ ብላለች።

ሽማግሌ ነኝ አልሁ። ይህን እንኳ አውቃለሁ።

ወሰንሁ። ቅዳሜ ከማንጠግቦሽ ጋር ዱርቤቴ እሄዳለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ እንቆማለን፤ ይሙላ አይሙላ። ለሽምግልና አልፎ አልፎ ተልኬ አውቃለሁ፤ ለጋብቻ፣ ለዕርቅ። ልጅ ለመለመን ግን የመጀመሪያዬ ነው። አሮጊቷ ቢቆጡኝ ልክ ናቸው፤ ቆሜ እሰማለሁ። እምቢ ቢሉኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሜ እሄዳለሁ።

እሳቸውም የሚጠይቁኝ ያንኑ ይሆናል። ትርንጎ ምን ትወዳለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? እንቅልፍ ሲመጣ ታለቅሳለች ወይስ ዝም ትላለች? በየትኛው ጎኗ? የምመልሰው የለኝም። ማንጠግቦሽ 8 ሰዓት ላይ ፈረቃ ትገባለች፤ ከዚያ በፊት ሄጄ አንድ በአንድ ልጠይቃት። አሁን በሯ ሲከፈት ሰማሁ፤ ልትወጣ ይሆናል፣ ቶሎ