የሸሚዝ ሐኪሞች

እምዬ፣ «ልጄ ሐኪም ቤት ገብታ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ትውላለች?» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ሳይጠይቁ አልቀሩም። ጥያቄዎን ከመመለሴ በፊት ግን እንዴት ሰንብተዋል? ብርዱ ጉልበትዎን ተወት አደረገልዎ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ግን ተቃጥሏል።

ሚሲዮን ቤት ቁስል ማጠብ፣ ስብራት ማሰር ተምሬ ስመረቅ፣ ደብረ ታቦርን በሙሉ በእጄ የማድን መስሎኝ ነበር። ጣሊያን ገባና ውሎዬ ከካውያ ጋር ሆነ። ጧት የመኮንኖቹን ሸሚዝ እንተኩሳለን፤ ቀጥሎ ጫማ፣ ቀጥሎ የሾርባ ሳህን። በሽተኛው ከዚህ የሚተርፈውን ጊዜ ይጠብቃል። ጊዜ ግን አይተርፍም። አብራኝ የተማረችው ፈንታነሽ «እኛኮ የሸሚዝ ሐኪሞች ነን፤ አንገቱን ያመመው ሸሚዝ ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚመጣ» እያለች ታስቀኝ ነበር።

በቀደም ሳቁም ጠፋብኝ። ሙሄ የሚባል የሐሙሲት ነጋዴ እግሩ ቆስሎ ተኝቶ ነበር። ፋሻው ከሥጋው ተጣብቆ ዝንብ ወሮታል። የተተኮሰ ልብስ ተሸክሜ ሳልፍ ጠራኝና «ልጄ፣ ሸሚዝ ብሆን ኖሮ እስካሁን ታጥቤ ነበር» አለኝ። ልብሱን አስቀምጬ ውኃ ላመጣ ስል፣ አለቃችን ጣሊያኗ ሲኞራ ክንዴን ይዛ መለሰችኝ። ሸሚዙ ለዛሬ ነው፣ ሰውዬው ነገም አለ ብላ በአስተርጓሚ ነገረችኝ። ሰውዬው ነገን አላየም። አልጋውን እንድናጥብ ግን ወዲያው ፈቀደችልን።

ወንድሜን ዘውዱን በሬ ወጋው ብለው መልእክት ልከውልኛል። የማን በሬ እንደ ሆነ አልጠይቅዎትም። እዚህ ግን ይጠይቃሉ፤ ቁስሉን ሳያዩ ጓደኞቹን፣ ያደረበትን ጫካ ይጠይቁታል። አደራዎን፣ ወደ ሐኪም ቤቱ እንዳያመጡት።

ሐሙስ ሐሙስ አንሶላ ለማጠብ ወንዝ እንወርዳለን። ሲኞራ ጭቃ ስለምትጠላ አትከተለንም። ለአንሶላው የምናፈላው በርሜል ሙሉ ውኃ አለ፤ ሳሙናም አለ። ፈንታነሽ አንሶላውን ገመድ ላይ ታሰጣለች፣ እኔ ከጀርባው ቁስል አጥባለሁ። ቁስለኛው ሁሉ ልብስ ሊያጥብ የመጣ መስሎ፣ የቆሸሸ ልብስ በዘንቢል ይዞ መምጣት ለምዷል። መማሬ ትዝ የሚለኝ እዚያ ብቻ ነው። አንድ ቀን ይህ ሁሉ ያልፍና፣ አስታማሚ ጧት ገብታ እስኪመሽ ሰው ብቻ የምታይበት ቤት ይኖረናል፤ ይህን አምናለሁ።

ዘውዱን ይህን ደብዳቤ ባደረሰልዎ በነጋዴው በሸሪፍ በቅሎ ለሐሙስ ይላኩልኝ። ሸሪፍ ወንዙን ያውቀዋል። ወረቀቱን አጎቴ ብቻ ያንብብልዎ፤ ከዚያ እሳት ይብላው።

እመቤታችን ደጅዎን ከክፉ እግር ትጠብቅልዎ። መልስዎን በሸሪፍ ቃል ይላኩልኝ፤ ቁስሉ ይሸት እንደ ሆነም ሳይደብቁ ይንገሩኝ። ከሸተተ ሐሙስን አይጠብቁ፤ ካውያውን ጥዬ እኔው እመጣለሁ።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ