ከመስታወት ጀርባ ያየሁት ሌቭል

ሰኞ፣ ሰኔ 4/2004፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ሜይፌር፣ ታክሲ እየጠበቅኩ። የሰው አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ የሙከራ ሳምንቴ ይጀምራል፤ ሮዘተንቪል፣ ኢንጂ. አስቴር የሚያሠሩት ፎቅ። ስንት ወር ሙሉ ሲቪ ካዞርኩ በኋላ። ሸሚዜን ሁለቴ ተኮስኩ። ማስታወሻዬ፣ ከዛሬ ወዲያ የምትሰማው ደህና ደህናውን ነው።

ያንኑ ቀን፣ ከሥራ መልስ
ውርደት። ኢንጂ. አስቴር የከፍታ መለኪያውን፣ ሌቭሉን፣ ሰጥተውኝ አንብብ አሉኝ። ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ማሰሩን ራሱ አላወቅኩበትም። ውሃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ህንድ ኮሌጅ ስማር አራት ዓመት ሙሉ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያየሁት። የቤተ ሙከራ ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ሳጥኑ የሚከፈተው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ። ልኬቱን ከቀደሙን ልጆች እየገለበጥን፣ መሣሪያውን በእርሳስ እየሣልን አለፍን። በሥዕል አንደኛ ነበርኩ። ዛሬም ሲጨንቀኝ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሣልኩላቸው፤ እያንዳንዱን ብሎን ከነስሙ። ሳቁ። ከዚያ መሣሪያውን ተቀብለው ራሳቸው አሰሩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6
አጎቴ ጋሼ ደምሴ ደወለ። ዲፕስሉት ሰፈር ያለውን ሱቁን የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ እሑድ ይፈራረማሉ። ገንዘቡ ለእህቴ ለሰላም ነው፤ ለዚያው ለህንዱ ኮሌጅ። እኔንም ያስተማረኝ ያ ሱቅ ነው። የምርቃት ፎቶዬ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ተሰቅሏል። ሌቦች የገቡ ቀን ሁሉን ጠራርገው እሱን ተዉት። ጋሼ ይቺን ባነሳ ቁጥር፣ "ኢንጂነሩን ማን ይደፍረዋል" ይላል። ዛሬም ደገማት። ሳቅኩለት። የኮሌጁን ነገር ሳልነግረው ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 8
አዲስ አበባ ለሰላም ደውዬ የኮሌጁን ጉድ ሁሉ ነገርኳት። "አንተ ገብተህ ስታበቃ በሩን እኔ ላይ ትዘጋለህ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስልክ አታነሳም። ኢንጂ. አስቴርም ቁርጡን ነገሩኝ። መሐንዲስ አድርገው አይቀጥሩኝም፤ የመለኪያ በትር ያዥ ሆኜ መጀመር ከፈለግኩ ሰኞ ልምጣ። እሺ አልኩ። ዛሬ ደግሞ አረፋዋን መሃል ላይ አቆምኳት፤ ለብቻዬ። እንዴት ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 10
ዲፕስሉት፣ ሱቅ። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ገዢው ከሰዓት ይመጣል። ፎቶውን አውርጄ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ጋሼ ላጸዳው መስሎት ጨርቅ ወረወረልኝ። አንዲት ደንበኛ ፊቱ ቆማለች፤ በአገሬው ሰላምታ ሳውቦና ተባብለው ይሳሳቃሉ። እሷ ስትወጣ ሱቁን እንዳይሸጥ እነግረዋለሁ። ዳቦዋን ተቀበለች። በሩ ጋ ደርሳለች። ጋሼ ወደዚህ ዞረ፣ ግድግዳው ላይ ባዶውን ቦታ አየ። ማስታወሻዬን ዘግቼ ልንገረው።