የክንፈ በሬዎች ስለታዩበት ፊልም

መካነ ሰላም፣ ግንቦት ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች አድማሴ፣ የከተማችን ገዥና የፊልም ትርኢታችን የበላይ ጠባቂ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለበቅሎዎ የቅልጥም ብርታት፣ ለደጃፍዎ ዘበኞችም እንቅልፍ የማይጥለው ዓይን እለምናለሁ። እኛ ታዛዦችዎ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆኑትም ከመንገድ ዳር እንዲነሡ ስለተደረገ ክቡርነትዎን አያስቸግሩም።

እኔ ከገበያው በላይ ያለሁት ልብስ ሰፊው ኑርሁሴን ነኝ። ባለፈው ጥር የካኪ ኮትዎ ወገብ ጠቦዎት ያሰፋሁልዎ መሆኔን ያስታውሱኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ግን ልረሳዎት አልችልም፣ ምክንያቱም ዘንድሮ ከርስዎ በቀር ልብሱን ሊያሰፋ የመጣ ሰው የለም፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ሊያስጠብብ ነው። ስለ ፊልም የማውቀው ጨርቅ ልገዛ ደሴ በሄድኩ ቁጥር ሲኒማ ቤት ጎራ እያልኩ ያየሁትን ያህል ብቻ ነውና፣ አስተያየቴ የተማረ ሰው አስተያየት አይደለም፤ ተመልካች ነኝ።

የፊልሙን መኪና ከደሴ አስመጥተው፣ የእህል መጋዘኑን መስኮቶች በብርድ ልብስ አስከድነው፣ ገበያተኛው በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ገብቶ እንዲዝናና ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ግን በትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሸራው። ሸራው የተሰቀለው እስከ ጣሪያ በተደረደረው የገብስ ጆንያ ላይ ስለሆነ፣ ጆንያዎቹ ከኋላ እየገፉት እዚህም እዚያም ያብጣል። በዚህ የተነሣ መልከ መልካሙ ጎበዝ ቦርጫም ሆኖ ታየን፤ ሙሽራይቱም ገና ሳትዳር ያረገዘች መሰለች። የባሰው ግን ይህ አይደለም። ከተመልካቹ ግማሹ ፊልሙን ትቶ ያበጠውን ቦታ ብቻ ሲያይ ይውላል፤ ይህም የተዋንያኑን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈረሰኞቹ ፊልም። በአንድ ሽጉጥ ያን ሁሉ ሰው የገደለው ሰውዬ ጥይቱን መቼ እንደሚያጎርስ አልገባንም። ከከላላ በበቅሎ የመጡ ሰዎች ደግሞ ፈረሶቹ ቀኑን ሙሉ ሲጋልቡ ውሃም ገለባም የሚሰጣቸው ባለመኖሩ በጣም አዝነዋል። ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈው ሹም ሟቹ ሁሉ ሞቶ ካለቀ በኋላ መድረሱን በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም፤ ይህስ ከኑሯችን የተቀዳ ነው።

ሦስተኛ፣ የሕንዱ ፊልም። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። ቋንቋውን የሚያውቅ ባይኖርም ያላለቀሰ አልነበረም። ልጅቱ በዝናብ ውስጥ እየዘፈነች ስትሮጥ መጋዘኑ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ «እሰይ!» ሲል ሰምተው ልጅቱን ያደነቅን መስሎዎት ፈገግ ብለው ነበር። ክቡር ሆይ፣ ልጅቱን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ያየነው ዝናቡን ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከኋላቸው የነበረው ክርስቲያኑም እስላሙም «አሚን» ብሏል።

ቅሬታዬ ስለ ፍጻሜው ነው። እህሉን ቆልፎ የያዘው ባላባት ደጃፍ ላይ ሕዝቡ መሰብሰብ ሲጀምር ክቡርነትዎ ጉሮሮዎን ጠረጉ፤ ባለ ማሽኑም የመጨረሻው ጥቅል ተበላሽቷል ብሎ መብራት አበራ። ስለዚህ ሕዝቡ ባላባቱን ምን እንዳደረገው አላወቅንም። ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍጻሜ ይናገር ነበር። በአላህ ስም እነግርዎታለሁ፣ የፊልሙን ቢያሳዩን ይሻልዎት ነበር፤ በመንገድ የሰማሁት ከየትኛውም ፊልም የከፋ ነው።

አራተኛውን ቅሬታ ባጭሩ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ከአቀስታ በላይ፣ በለጋምቦ ደጋ፣ ክንፈ የሚባል ገበሬ ነበር። በልጉ ከከዳው በኋላ ሚስቱን አልታዬን ይዞ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማችን መጣ። ሥራ ስላልነበረ በሱቄ በረንዳ ላይ ተጠግተው ሰነበቱ። እኔ የምሰፋበትን ክር አልታዬ ታጠነጥንልኝ ነበር፤ እሱ ውሃ ይቀዳልን ነበር። ትንሽ የሚናገር፣ ሰው ሲያናግረው ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ነው። ወደ ፊልሙ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ልቡ ትንሽ እንዲያርፍለት ብዬ።

የዚያን ቅዳሜ ያሳዩን ስለ እርሻ የተሠራውን ፊልም ነበር። በሸራው ላይ አውድማ መጣ፤ ገብስ የሚያበራዩ በሬዎች፣ መንሽ የያዙ ሽማግሌ፣ ወደ ሰማይ የሚበተን ገለባ። ከማሽኑ የሚወጣውም ድምፅ ይህ በዘንድሮው ዓመት በወሎ የተገኘው ጥጋብ ነው አለን። ያን ጊዜ ክንፈ ከጎኔ ተነሣ። መጀመሪያ «ዳለቻ» አለ፣ በሬውን እንደሚጠራ ሰው። ቀጥሎ «አባባ» አለ። ከዚያ ሰዉን እየተራመደ ሄዶ ሸራውን በመዳፉ ነካው። የአባቱ ፊት ያለበትን ሲነካ እጁ ያገኘው ከኋላው ያለውን ጆንያ ነበር።

ወደ ክቡርነትዎ ዞሮ ባርኔጣውን አውልቆ የተናገረውን ሁላችንም ሰምተናል፤ «ጌታዬ፣ ይኸ ዘንድሮ አይደለም። ይኸ ከድርቁ በፊት ባለ ፊልሞቹ እኛ አገር የመጡ ጊዜ ነው። አባቴን በጥቅምት ቀብሬያለሁ። በሬዎቹም አልቀዋል። ዘንድሮ ያልነው እንደሆን ሰው እህል ያለን ይመስለዋል፤ የሚደርስልንም አይኖር።»

አልጮኸም፤ አልተሳደበም። ክቡርነትዎ «ተቀመጥ» አሉት። መቀመጫው ሩቅ ነበርና እስኪደርስ አልጠበቁትም፤ ትርኢት አውከሃል ተብሎ ታሰረ።

አልታዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእስር ቤቱ አጥር ሥር ዋለች። እኔም ክቡርነትዎን ለመማለድ ደጅ ጠናሁ፤ ያጠበብኩልዎ ሳይሆን ያሰፋሁልዎ ስለሆንኩ ትንሽ የሚሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ሰሙኝም። ደግነትዎን መካድ አልችልም። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ያን ፊልም ሊያዩ ነውና፣ ክንፈ በፊታቸው ቆሞ በሬዎቹ መኖራቸውን ከተናገረ ያንለት ከሚስቱ ጋር ወደ አገሩ ይሄዳል አሉኝ። ቃሉን ወስጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ክንፈ «እሺ በላቸው» አለኝ።

እንግዶቹ በሁለት ላንድሮቨር መጡ። ከመንገድ ዳር የነበሩት ሰዎች ከማለዳ ጀምረው ወደ ገደሉ ማዶ ተነድተው ስለነበር ከተማችን ጸድታ ጠበቀቻቸው። ፊልሙ ታየ። አውድማው ሲመጣ ክንፈን አቆሙት። ክቡርነትዎ በለሰለሰ ድምፅ «በል ንገራቸው፤ በሬዎችህ የሉም እንዴ?» አሉት።

«አሉ ጌታዬ» አለ። እጁን ወደ ሸራው ዘረጋ። «ያውና አሉ። አባቴም አለ፣ ያውና እያበራየ ነው። ከዚያች ጨርቅ በቀር ግን የትም የሉም።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እንዲያውም አንደኛው «ባላገር ጨዋታ ያውቃል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኛ አላጨበጨብንም። እንዲህ ያለ ዝምታ ልጅ ሆኜ በረዶ ሊጥል ሲል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

አልታዬ ስንቅ ቋጥራ በፊት ለፊቱ በር ቆማ ስትጠብቅ፣ ክንፈን በጓሮው በር አስወጡት። የት እንዳለ ብትጠይቅ ዘበኞችዎ ከፊልሙ መኪና ጋር ሄዷል አሏት። ወደ እኔ መጥታ «አያ ኑርሁሴን፣ ሰው ከፊልም ጋር ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ሳትጠብቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ፣ የቋጠረችውን ስንቅ በሱቄ ደጃፍ ለተኙት አከፋፍላ፣ ብቻዋን የለጋምቦን መንገድ ያዘች።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ ጭብጨባውም አመሰግናለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክንፈን በሕይወት እንዳለ ያሳዩን። በፊልም ሳይሆን በአካል።

የክቡርነትዎን ወገብ መጠን በቃሉ የሚያውቅ፣ ዕድሜዎ ይህን ሁሉ ለመመለስ እንዲበቃ ጧት ማታ ዱዓ የሚያደርግ፣ ይህ ደብዳቤ ሲነበብ በቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቅዎ፣

ልብስ ሰፊው ኑርሁሴን

ግልባጭ፦
ለመስጊዱ በር፣
ለቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣
ለገበያው አጥር።

ሳልረሳው፦ ቀለሙ ሳይደርቅ ደጃፌ ላይ ብወጣ ከለጋምቦ የሚመጣው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ሆኗል። ጩኸት የለም፤ ልቅሶም የለም፤ የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ከፊት ያለችውን ሴት ከአካሄዷ አውቄያታለሁ። ክቡርነትዎ ማለዳ ሕዝቡን እንዲመልሱ የላኳቸው ነጭ ለባሽ ታጣቂዎችም ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ከሕዝቡ መካከል አብረው ሲራመዱ ይታዩኛል፤ የተመለሱት ግን እነሱ ናቸው።