አንድ ትራስ፣ ሁለት ሳል

ኅዳር 12
ዛሬም ቆሻሻ ተቃጠለ። አታቃጥሉ ተብሎ ነበር... ማን ይሰማል? ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአፈራሁ የግቢውን ጥራጊ ሰብስበው በራችን ስር ለኮሱት። ድሮ በኅዳር በሽታ ስላለቀው ሰው እያወሩ። ጭሱ ቤት ገባ። እኔና ናዝሬት ስንስቅ ስናስል አረፈድን። ናዝሬትስ ከጠዋት ጀምሮ ታነጥሳለች።

ትንሿ እህቴ ናት። የእማ ባል የጋሽ ፈቃደ ልጅ። እኔ የሌላ አባት ልጅ ነኝ። የምንተኛው ግን አንድ አልጋ፣ አንድ ትራስ ላይ።

ከሰዓት እማ ጋ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሶፍትና እስክሪብቶ እንሸጣለን። አንድ ሰውዬ ዋጋ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። "ምን አልሽ?" አለኝ። ሁሌ እንዲህ ነው። ድምፄ ከአፌ አይወጣም። እማ መለሰችለት።

ኅዳር 15
ናዝሬት ድና ገመድ እየዘለለች ነው። እኔን ያዘኝ።

ኅዳር 27
ከሆስፒታል ወጣሁ። ጽሑፌ ገና አያምርም... አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ነበር። ትንፋሽ ማለት እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ያው አንድ ጉንፋን። ከናዝሬት ወደ እኔ የመጣ። እሷን አስነጥሷት ሄደ። እኔን ሊገድለኝ ነበር። ለምን?

እትዬ ወርቅአፈራሁ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። የተኛሁ መስሏቸው ለእማ ያወራሉ። የአባቷ ዘር ነው፣ ደረታቸው ደካማ ነው፣ እሱስ በኮሮና አይደል የሄደው... የፈቃደን ልጅ እያት፣ ብረት ናት።

እማ ብርቱካኑን ትልጣለች። እኔ ግን አልተኛሁም ነበር። አባቴ ደካማ አልነበረም። በአንድ እጁ ከመሬት ያነሳኝ ነበር።

ኅዳር 30
ዶክተር ሺፋ ቤታችን ድረስ መጣች። ሆስፒታል ሳለሁ የማውቃት ናት፣ ምርምር ትሠራለች። አንድ ዓይነት ቫይረስ አንዱን በማስነጠስ አሳልፎ ሌላውን ለምን እንደሚጥል ነው የሚያጠኑት። ታምሜ ሳለሁ ከተቀዳው ደም የተረፈ አለ። አሁን ደግሞ ከዳንኩ በኋላ ትንሽ ይፈልጋሉ። ከናዝሬትም። እማ ከፈቀደች። ደሙ ውስጥ ዘረመል እናያለን አለች።

እማ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ዘር ነው ያልሽው?"

ዶክተር ሺፋ ዘር ሌላ፣ ዘረመል ሌላ መሆኑን ልታስረዳት ሞከረች። እማ የት ትሰማለች።

"የዚህን ቤት ዘር የሚጠይቅ ሰው በቃን፣ እህቴ።"

በሩን ከፈተችላት። በጨዋ ደንብ፣ ግን ከፈተችላት።

ለምን እንደፈራች አውቃለሁ። አባቴ ሓየሎም ይባላል፣ የመቀሌ ሰው ነበር። ከእማ ጋር የተለያዩት ናዝሬት ሳትወለድ ነው። እሱ በሞተበት ዓመት ጦርነት ነበር። ስሙ ሲጠራ የአንዳንድ ሰው ፊት ይለወጥ ነበር። ያኔ ነው እማ ኬብሮን ፈቃደ ብላ ያስጻፈችኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ እስካቆም ትምህርት ቤት የሚያውቁኝ በእሱ ነው። ሆስፒታሉም።

አልፈርድባትም። ግን... እኔን የጠየቀኝ አለ?

ታኅሣሥ 2
ሳላስፈቅድ ሆስፒታል ሄድኩ። ብቻዬን። ኮሪደሩ ላይ ልመለስም ነበር። አልተመለስኩም።

እትዬ ወርቅአፈራሁ ያሉትን ነግሬ ዶክተር ሺፋን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። በሽታዬ የአባቴ ነው ወይ?

ስለ ግቢያችን ጠየቀችኝ። የመብራት ቆጣሪያችን አንድ እንደሆነ ነገርኳት።

"ጥሩ። ሽቦው ሁሉም ቤት ገብቷል አይደል? ዘረመልም እንደዚያ ነው። እኔ የማየው ሽቦውን ከየት እንዳመጣችሁት አይደለም። ያን ጊዜ የቱ መብራት በርቶ ነበር፣ የቱ ጠፍቶ ነበር፣ እሱን ነው።"

አንዳንድ ሰው ውስጥ ቫይረሱ እንደገባ የሰውነት ማንቂያው ቶሎ ይበራል። አንዳንዱ ውስጥ ይዘገያል፤ በኋላ ሁሉም ባንዴ ቦግ ይልና ባለቤቱን ራሱን ይጎዳል። የእኔ እንዲያ ይሁን አይሁን አታውቅም። ከብዙ ሰው ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው አለችኝ።

ከወላጅ የሚመጣ ምንም የለም ወይ? አልኩ። ሊኖር ይችላል አለች። ዕድሜም አለ፣ ሌላ ሕመምም አለ፣ ገና ያልደረሱበትም አለ። "ግን ስም ሰምቶ ደረታቸው ደካማ ነው የሚል ሰው ከየት አምጥቶ ነው?"

ዕድሜዬ ስላልደረሰ ያለ እናቴ ፈቃድ አይሆንም። እናትሽን አምጪ አለችኝ። እንዴት አድርጌ?

ታኅሣሥ 5
ልብስ ሳሰጣ እትዬ ወርቅአፈራሁ ቀለዱብኝ። የአባትሽ ውርስ ዛሬ እንዴት አደረ? ደረቴን ማለታቸው ነው።

"እትዬ፣ የግቢው ሽቦ አንድ ነው። ባለፈው የእርስዎ ቤት ብቻ ሲጨልም ዘርዎን ጠየቅንዎ?"

ሰሙኝ። ምን አልሽ አላሉም። ናዝሬት ሳቋን መያዝ አቅቷት እርጥብ አንሶላ ውስጥ ተደበቀች።

እራት ላይ ሁሉንም ለእማ ነገርኳት። የት እንደሄድኩ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ መብራቱ። ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም የሓየሎም ልጅ ነኝ አልኳት። ይህ ስም ቤታችን ውስጥ ከተጠራ ስንት ጊዜው...

ጋሽ ፈቃደ መብላታቸውን አቆሙ። ሊቆጡ ነው ብዬ ነበር።

"ስሜን አዋስኩሽ እንጂ አልሸጥኩልሽም" አሉ። "ስትፈልጊ መልሺልኝ።" ወደ እማ ዞሩ። "ፍቀጂላት አንቺም።"

ናዝሬት ሳቀች። እማ አልሳቀችም። ሳህኖቹን አነሳች።

ታኅሣሥ 8
እማ እንደ ወትሮዋ ሶፍቷን ይዛ ወጣች። እኔም አልለመንኳት። የምለውን ብያለሁ።

ታኅሣሥ 9
ጠዋት እማ የክት ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። "ተነሱ እንጂ" አለች።

ዶክተር ሺፋ ስለ ሁሉም ነገር እንደገና አስረዳቻት። እማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ፈረመች።

ናዝሬት መርፌውን ስታይ አለቀሰች። ብረቷ።

ከዚያ የእኔ ተራ። ደም የምትቀዳው የላብራቶሪ ልጅ ቀና ሳትል ስም ብላ ጠየቀች።

"ኬብሮን ሓየሎም።"

"ምን አልሽ?"

ነጠላዬን ከአፌ ላይ አወረድኩት። ደገምኩት። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞሩ። ይዙሩ።

በፊት በፈቃደ ስም እንደነበርኩ ዶክተር ሺፋ ነገረቻት። ልጅቷ "ሃየሎም" ብላ ጻፈች። እማ ጎንበስ ብላ ስታነብ አየኋት። ልታስጠፋው ነው...

"እንዲህ አይደለም የሚጻፈው" አለች እማ። "በሐመሩ ሐ ነው።"

ልጅቷ አስተካክላ ብልቃጡ ላይ ለጠፈችው። ክንዴን ዘረጋሁ።